የአባባ ጎመንና የአባባ እንክብል

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ጭንቅላቴ ዞሯል። አባባን ለደም ግፊታቸው ክትትል ጤና ጣቢያ ወስጃቸው ነበር። ነርሷ የግፊት ክኒናቸውን እንዳያቋርጡ ካስጠነቀቀች በኋላ፣ ጎመንና ጓቫ ማብዛታችንን ወደደችው። አትክልት ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ሰባብረው ለደም ሥር እንዲጠቅም የሚያደርጉት ሆድ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው አለችን። እኔ ባክቴሪያ ሲባል የማውቀው እጅ በሳሙና መታጠብን ነው!

አባባ ይህን ሲሰሙ ከኪሳቸው አንቲባዮቲክ አወጡ። ሆዳቸው በተነፋ ቁጥር ራሳቸው እየገዙ ይውጡታል ለካ። ነርሷ ደነገጠች። "አባቴ፣ ይሄ እኮ ጠቃሚዎቹንም ይፈጃል። ሐኪም ሳያዝልዎ እንዳይወስዱ!"

ግን ሆዳቸው መነፋት የጀመረው እኔ ጎመን ካበዛሁባቸው ወዲህ ነው። ጎመኑ ሆዳቸውን ይነፋል፣ ሲነፋ እንክብሉን ይውጣሉ፣ እንክብሉ ጎመኑን የሚሰባብሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ታዲያ የቱን ላስቁም? ይህን ሳልጠይቅ ሌላ ታካሚ ገባ።

ወደ ሰፈራችን ወደ ቱላ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጓቫ ሰጠኋቸው። በአንድ እጃቸው ጓቫውን፣ በሌላው እንክብሉን እንደያዙ፣ "አንቺ ልጅ፣ ሆዴ ውስጥ ያሉትን ልቀልባቸው ወይስ ልግደላቸው?" አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋቸው። የምራቸውን ነበር።