በፎርሙ ላይ ስለተመዘገበችው ዶሮ

ናዝሬት፣ ሐምሌ 1975

ይድረስ ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ ፈዬራ፣

እሱስ ልክ ብለዋል፤ ዶሮ ልጠብቅ ብሎ ከስብሰባ የሚቀር ሰው የለም። እሁድ ዕለት እናቴ ልጅ ስላለችኝ ልቅር ብላ ያስገባችውን ማመልከቻ ይዘው «ወይዘሮ አሳየች ቤት በፎርሙ ያለው ሁለት ሰውና አንድ ዶሮ ነው፤ ታዲያ ዶሮዋን ሊጠብቁ ነው?» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለእርስዎም ለጉሮሮዎም ለድምፅ ማጉያውም ጤና እየተመኘሁ፣ እናቴን ከተቀመጠችበት ሳያስነሱ ስላዋረዱልኝ አመሰግናለሁ። ነገሩ የተባለው በሰው ፊት ስለሆነ መልሴንም ሰው እንዲያነበው ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለማያውቀኝ፣ ነጋሳ እባላለሁ። ከአራተኛ ክፍል ብወጣም መናኸሪያው አጠገብ ካሉት ጎሚስታዎች የሚያህለኝ የለም። የጭነት መኪና ጎማ በመዶሻ አንዴ መትቼ ስንት አየር እንደጎደለው እነግርዎታለሁ። የሰው ኑሮም እንዲሁ በአንድ ምት እንደሚለካ ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አንደኛ፣ የኑሮ ጥናት ብላችሁ የላካችሁት ፎርም ነው። ሬዲዮ አለ? አለ። የብረት አልጋ አለ? አለ። ብስክሌት? አለ፣ ያውም ባለ ዲናሞ። ከሠላሳ ሃያ ስድስት ነጥብ አምጥተን «የተደላደለ ኑሮ» ተባልን። እናቴ ለቅሶ ከደረሰች ስድስት ዓመት እንዳለፋት፣ ሳሙና ልትገዛ ወጥታ እንኳ በሩጫ እንደምትመለስ፣ ከወንጂ ከመጣን ወዲህ ጎረቤት ጩኸቱን አልቻለውም እየተባልን ሦስት ቤት እንደቀየርን የሚጠይቅ መስመር ፎርሙ ላይ የለም። ወረቀት ስለቆጠባችሁ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ይሄኛው የእናንተ ጥፋት አይደለም። ፎርሙን ይዛ ጓድ የሺዓለም ስትመጣ እኔ ቤት ስለነበርኩ እናቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነበር። ልጅቷ ቆንጆ ናት፤ እኔም ፀጉሬን አበጥሬ የሌለኝን ሁሉ አለኝ እላለሁ። ብስክሌቱ የአሠሪዬ ነው። ጓዳ ውስጥ ደግሞ እህቴ ጉዲቱ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አትናገርም፣ ሲጠሯት ዞር አትልም፣ ሰው ከነካት ትጮኻለች። ምን እንደሆነች ሐኪምም ጠበልም ስሙን አልነገሩንም። ነፍቼ የሰጠኋት የመኪና ጎማ ከመነዳሪ መሃል ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ በምላሷ ቋ ቋ ታደርጋለች።

የሺዓለም «ይሄ ድምፅ ምንድነው?» አለችኝ።

«ዶሮ ናት፣ እንቁላል ልትጥል ነው» አልኳት። አቀርቅራ ጻፈች።

«በቤቱ የታመመ ወይም ጠባቂ የሚፈልግ ሰው አለ?»

«እኛ ቤት? በጤናችን ሰው ይቀናል እንጂ» አልኳት።

እሱንም ጻፈችው።

እሁድ ጉዲቱን ቤት ቆልፈንባት ነበር የመጣነው፤ ሰው ሲስቅ እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ቤት ስንገባ «ማፈርህ አይደለም የገረመኝ፤ እኔም የማፍርበት ቀን አለ። ግን ዶሮ ያልካት ምን ብታደርግህ ነው?» አለችኝ። የአሠሪዬን ብስክሌት እየገፋሁ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዲቱን ስታበላ በሩን ትዘጋብኛለች። በሩ ሲከፈት ጉዲቱ ወጥታ እንደ ልማዷ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ ትቆማለች፤ እኔም ፊቴን ማዞር እያቃተኝ አብሬያት እቆማለሁ። ለዚህስ ስንት ነጥብ ይሰጣል፣ ጓድ ሊቀመንበር?

ሦስተኛ የለኝም። ዶሮዋ ተሰርዛ ጉዲቱ ወዬሳ ትጻፍልን፤ ሦስት ሰው ነን። እናቴ ከእሁድ ስብሰባና ከማታው መሠረተ ትምህርት ትፈታ። የዋሸው ልጅዋ እንጂ እሷ እንዳልሆነች በዚያው በድምፅ ማጉያ ይነገርላት፤ ቅጣት ካለ የእኔ ነው።

በሃያ ስድስት ነጥብ የተደላደልኩት፣ እህቴን ለቆንጆ ልጅ ብዬ የካድኩት፣ ለእርስዎ ግን ምንጊዜም ታዛዥዎ፣
ነጋሳ ወዬሳ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ እናቴ የግድ ትምጣ ካሉ ጉዲቱን ይዛ ትመጣለች። ጉዲቱ ጭብጨባ ስትሰማ ጭብጨባው እስኪቆም ትጮኻለች፤ የሁለት ሰዓቱን ንግግር ያለ ጭብጨባ መጨረስ ከአሁኑ ይለማመዱ። መልሱን እስከ ሐሙስ፣ በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበት እፈልጋለሁ።