አባባ የመረጡት የውሻ ፓርክ

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ከነገ ጀምሮ የጠዋት ሺፍት ስለምገባ፣ ውሻዬን ኩኪን ውሾች ተፈተው የሚጫወቱበት ፓርክ የሚወስዱልኝ አባባ ናቸው። ከአገር ቤት ከመጡ ገና ወራቸው ነው። ውሻ እንደሚፈሩ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን አይናገሩም። ሶ ዛሬ ፓርኩን ራሳቸው ይምረጡ ብዬ ይዣቸው ወጣሁ።

ሌክ ሲቲ ሰፈር ያየነው ፓርክ ሰፊ ነው፤ ውሾቹ ግን ጥጃ ጥጃ ያካክላሉ። አባባ ከመኪናው አልወርድም አሉ። ተናደድኩ፤ ደግሞ አሳዘኑኝ።

ቀጥለን የሄድንበት የቢከን ሂል ሰፈሩ ፓርክ ትንሽ ነው። ገና በሩን እንዳለፍን አንድ ጥቁር ውሻ እየሮጠ መጣባቸው። አባባ እንደ አገር ቤት ድንጋይ የሚያነሱ መስለው ጎንበስ አሉ። አገር ቤት ቢሆን ውሻው እግሬ አውጪኝ ይል ነበር። ይሄኛው ኳስ የሚወረውሩለት መስሎት ፊታቸው ቁጭ አለና ጭራውን ይቆላ ጀመር። ኩኪም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን ይሉኛል?» አሉኝ አባባ፣ እንዳጎነበሱ።

«ይወርውሩልን እያሉዎት ነው።»

ዙሪያቸውን አዩና አንድ የጥድ ፍሬ አንስተው ወረወሩ። ውሾቹን እንዳይመታ ተጠንቅቀው፣ በጣም አርቀው።

እቤት እንደገባን ኮታቸውን ወንበር ላይ ጥለው ሊተኙ ገቡ። አሁን ኮታቸውን ልሰቅል ሳነሳው ኪሱ አብጧል። የጥድ ፍሬ ሞልተውበታል።