ከኤሊዎቹ ዳርቻ የመጣው ፎቶ

ለውድ ባለቤቴ ለሙዓዝ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔም እናትህም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ደሴ ዝናቡ ገብቷል።

ለጥናት ከሄድክበት የካሪቢያን ደሴት የላክኸው ፎቶ ሁሉ ደረሰን። ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት፣ ሰው እንዳይነካው የተከለለው ዳርቻ ያምራል። ባሮች ጨው ሲዝቁ ውለው ያድሩባቸው የነበሩት የድንጋይ ጎጆዎች ግን አንጀት ይበላሉ። ታሪኩን የነገረችህ አስጎብኚ ጎበዝ ሳትሆን አትቀርም፤ ብቻህን ከቆምክበት ከአንዱ በቀር በየፎቶው አለች። ያጠለቀችው ኮፍያ እኔ የገዛሁልህን ይመስላል።

እናትህ «ብቻውን የቆመበትንስ ማን አነሳው?» አሉኝ።

«የዳርቻው ዘበኛ ይሆናል» አልኳቸው።

«ለዘበኛ ነው እንዲህ የሚስቀው?» አሉ።

ትናንት አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ሄጄ ፎቶ ተነሳሁ። ይኸው ልኬልሃለሁ። እንግዳ ሲገባ ቀድሞ የሚያየው ግድግዳ ላይ ስቀለው።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፣ በሰላም ያገናኘን።

ሚስትህ ረውዳ