ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለችው ክብ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ ባላገኝም ደህና ነሽ ብዬ አምኛለሁ። እኔም አለሁ፤ መኖር ከተባለ።

እናትሽ "ጣውንቴ" ትለው የነበረውን ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ፤ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈውን የሙዚቃ ደራሲ፣ ሳይጨርሰው የሞተውን ሶናታ፣ ያን ረጅም የፒያኖ ድርሰት፣ ከእጅ ጽሑፍ ረቂቁ ለማንበብ ስል ዕድሜዬን የፈጀሁበትን። ወረቀት ሲጠበው ክብ ይሠራና ውስጧ መስቀል ያደርጋል፤ ያቺው ምልክት ያለችበት ሌላ ገጽ ላይ ዜማው ይቀጥላል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ያ ሆድ የሚያባባ ዜማ ክቧ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አቻዋን ሃያ ሦስተኛው ላይ አገኘኋት፤ ፈጣን፣ የሚስቅ ዜማ። "ሶናታው በደስታ ያልቃል" ብዬ መጽሐፍ አሳተምኩ።

ባለፈው ሳምንት ረቂቁ የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ዋናውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ እንዳየው ፈቀደልኝ። እስከዛሬ የሠራሁት በፎቶ ኮፒ ነዋ! ሃያ ሦስተኛውን ገለጥኩ። ክቧ የለችም። አገላበጥኩት፣ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት፤ የለችም። ሠራተኛዋ "አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለችኝ። ፊቴ ምን መስሎ እንደነበር እንጃ።

ቤት ገብቼ ካርቶኑን ሁሉ ዘረገፍኩ። የመጀመሪያው ኮፒ ተገኘ። ክቧ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የተሠራችው፤ ከጎኗ ባዶው ጠርዝ ላይ ድመት ተሥላለች። ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ ኩፍኝ ወጥቶብሽ ጠረጴዛዬ ሥር ትውዪ ነበር። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ያለችውን ክብ እያሳየሽ "ይቺ ምንድን ናት?" አልሽኝ። "ይቀጥላል ማለት ነው፤ አሁን ጸጥ በይ" አልኩሽ። ቆየት ብለሽ "አባዬ፣ አገዝኩህ" ስትይኝ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁሽም። ኮፒው ሲያረጅ ከእሱው ላይ ሌላ ሳስነሳ ድመቷ እንዳትታይ ጠርዙን አጠፍኩት፤ ክቧ ግን ከሌላው ጽሑፍ ጋር ጠቁራ ወጣች።

አሳታሚው "ማን ያውቃል ብለው ነው? ዝም ይበሉ" አለኝ። አልቻልኩም፤ ተናገርኩ። መጽሐፉ ከየመደብሩ እየተሰበሰበ ነው። ሶናታው መጨረሻ የለውም፤ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቀርቷል፣ በቃ። እኔም ከአልጋ የምነሳበት ምክንያት አጥቼ እውላለሁ።

ያንቺ ጥፋት እንዳይመስልሽ፣ በሞቴ! የእጅ ጽሑፍ አዋቂ ይሉኝ የለ? የሟቹን እጅ ከሺህ እለያለሁ እያልኩ፣ የልጄን እጅ ሃያ ስድስት ዓመት ሳነበው ኖሬ አላወቅኩትም። እናትሽ ታማ ከመኝታ ቤት ስትጠራኝም "ይቺን መስመር ልጨርስ" እንዳልኩ አመለጠችኝ። አንቺም ለምን እንደሄድሽ አውቃለሁ።

ዓይኔ እየደከመ ነው። በስልክ ሳይሆን በእጅሽ ጻፊልኝ። የምትዪው ከጠፋሽ ያቺን ክብ ብቻ ሠርተሽ ላኪልኝ። አሁን አውቃታለሁ።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ስትናገሪ ቀና ብሎ የሚያይሽ ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ