ማሕሌት የሣለችበት የእድር ሸራ

ሰኞ
አላጥብም አልኩት። ጋሽ ወርቁን፣ የእድራችንን ዳኛ። «አልማዝ፣ እሑድ የማሕሌት አርባ ነው። ያ ሥዕል ያለበት ሸራ ከድንኳኑ ጋር እንዲህ ሆኖ አይቆምም። በጋዝ ታጥቦ ይምጣ» አለኝ።
ልጄ ከመታመሟ በፊት ለልምምድ ጥላ ይሆነኛል ብላ ከእድሩ የተዋሰችው ነው፤ የድንኳኑ አንድ ጎን። ጥላ አላደረገችውም። ለቴአትሯ የመድረክ ጀርባ አደረገችው። የቀፊራን ገበያ ሣለችበት። ሽንኩርት ሻጮች፣ ጋሪ፣ በርበሬ፣ መሀል ላይ እኔ። ለለቅሶዋ ያንን ጎን በላስቲክ ከልለው አለፉ፤ ላስቲኩም ተቀደደ።
ሳታስፈቅድ መሣሏ ጥፋት ነው። አውቃለሁ። ግን አላጥብም።

ማክሰኞ
እጄ ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው። ደብተሩ የሷ ነው፣ ግማሹ ባዶ ነበር።
ሰው ተዋናይ ነበረች ይላል፣ ሠዓሊ፣ አዘጋጅ። እኔ የማስታውሰው ስትቆጣኝ ነው። ለልምምድ ሰው ሲጎድላት እኔን ታቆመኝ ነበር። «እማ፣ ከጉሮሮሽ አይደለም፣ ከሆድሽ አውጪው! መጨረሻ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ሽማግሌ ይንቃ!» ሽሮዬ አረረ ስላት «ይረር!»

ሐሙስ
ጋሽ ወርቁ ሁለት ሰው፣ ጀሪካን ነጭ ጋዝና ብሩሽ ይዞ መጣ። ሸራውን ግቢው ውስጥ ዘረጉት። ሄጄ መሀሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ የራሴ ሥዕል ላይ።
«ተነሺ እንጂ፣ ሰው ይታዘበናል።»
«ከነእኔ እጠቡት!» ከሆዴ ነው ያወጣሁት። መንገድ ላይ ባጃጅ ቆመ። ጎረቤቴ ሆደን ከሱቋ ወጣች። «አቦ ጋሽ ወርቁ! ልጅቷን ቀበርን፣ አሁን ደግሞ ሥዕሏን ልትቀብር ነው? ወላሂ እኔም እቀመጣለሁ» አለችና አጠገቤ ዘፍ አለች።
ጀሪካናቸውን ይዘው ሄዱ። ከቀብሩ ወዲህ ዛሬ ገና ምሳ በደንብ በላሁ።

ዓርብ
ንብረቱ የእድሩ ነው፣ ልክ ናቸው። ስለዚህ በምትኩ ከታይዋን ገበያ ሸራ ገዛሁ። በሆደን የስፌት መኪና ሰፍቼ ለጋሽ ወርቁ ወሰድኩለት። በክንዱ ለካው።
«አንድ ክንድ ያጥራል።»
እውነቱን ነው። እያለቀስኩ ነበር የለካሁት። ይህን አልነገርኩትም።

እሑድ
አርባዋ ዛሬ ሆነ።
የሰፋሁትን በምዕራብ በኩል አቆሙት። ከሰዓት የድሬ ፀሐይ በጎደለው በኩል ገብታ ሽማግሌዎቹን ጠበሰቻቸው። በነጠላ ከለሉ፣ ወንበር አዞሩ፣ አልሆነም። ጋሽ ወርቁ ላቡን እየጠረገ መጣ።
«በይ እሺ፣ ያንን አምጪው።»
«ሥዕሉ ወደ ውስጥ ይዞራል» አልኩ።
አየኝ። ከዚያ ራሱ ገመዱን አሰረ፣ ሥዕሉን ወደ ውስጥ አዙሮ።
ሰው መብሉን ትቶ ያይ ጀመር። ሽንኩርት ሻጮቹን በየስማቸው ይጠራሉ። ጋሽ ወርቁ ጠጋ ብሎ፣ «ይቺ አንቺ ነሽ። እግርሽስ የት አለ?» አለኝ።
«ሆስፒታል ስትገባ እሱ ብቻ ነበር የቀራት።»
ድንኳኑ ሲፈርስ ጋሽ ወርቁ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ምሰሶ፣ ካስማ፣ ገመድ፣ ጎኖቹን አንድ በአንድ። ያጠረውንም ቆጥሮ አስጫነ። የማሕሌት ሸራ ጥግ ላይ ተጣጥፎ ነበር። አልቆጠረውም፣ በአጠገቡ አልፎ ሄደ።
ረስቶት ይሁን ትቶልኝ አላውቅም። አልጠይቀውም።