የኮክ አበባና የሹራብ ቁልፍ

መጋቢት 12 ቀን፣ ከቤት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይን ሐኪሟ፤

«አባዬ፣ የጸደይ ፎቶዎችህ ደረሱኝ። አበባው ሁሉ ደብዝዟል፤ ከኋላ ያሉት ሴትዮ ግን የሹራባቸው ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ዓይንህን ልመርምርልህ ወይስ ማንን እያነሳህ እንደሆነ ትነግረኛለህ?»

ከዚህ የስልክ መልእክትሽ ሥር ሁለት የሚስቁ ፊቶች አሉ። ቃል በቃል የገለበጥኩት በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትይ ነው። ፊቶቹን መሳል ስለማልችል ትቻቸዋለሁ፤ ግን አይቻቸዋለሁ። አንደኛው እንባው እስኪፈስ ነው የሚስቀው።

እንደምን ከረምሽ? እኔ ከንዴቱ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ያልመለስኩልሽ እንዲህ ያለ ክስ በአውራ ጣት ተነካክቶ የሚመለስ ስላልሆነ ነው።

በመጀመሪያ፣ እኔ ቀያሽ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ መሬትን በመነጽር ሳይ ኖሬአለሁ። ስንት መንገድና ድልድይ በእኔ ዓይን ተለክቶ ተሠራ፤ እስካሁን አንዱም አልተጣመመም። አሁን አንቺ፣ የጫማሽን ግራና ቀኝ እየለየሁ ያሳደግሁሽ ልጅ፣ ማነጣጠር አትችልም ትይኛለሽ።

ደግሞም ፎቶዎቹን ያዘዝሽኝ ራስሽ ነሽ። «እዚህ ከመስኮቴ የሚታየኝ የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው፤ ጸደይ ሲገባ ከግቢያችን ጀምረህ እስከ ኮረብታው ድረስ አንሳልኝ» አልሽ። እኔም ካሜራ ገዛሁ፣ ባለ ሦስት እግር መደገፊያ ገዛሁ፣ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ጥቁር ሆነው የመጡት ክዳኑን ስላላነሳሁ ነው፤ በመመሪያው ላይ በግልጽ አልተጻፈም። አባት ይህን ያህል ሲደክም ልጅ ማመስገን እንጂ ቁልፍ መቁጠር አልነበረባትም።

አሁን ወደ ሴትየዋ ልምጣ። የምደብቀው ነገር የለኝም። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው፤ የገቡት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው፤ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ። ሰማያዊው ሹራብ የሥራ ልብሳቸው ነው፤ ቁልፎቹ የናስ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይወለውሏቸዋል። የሚያብረቀርቅ ነገር ደግሞ የካሜራን ዓይን ይስባል። ስለዚህ የተሳበው ካሜራው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

እናትሽ የተከለችውን ኮክ ታስታውሽዋለሽ። ያኔ «ከአጥሩ ሁለት ሜትር ይራቅ» ብያት ነበር። «ዛፍ ሜትር አያውቅም» ብላ አጥሩ ሥር ተከለችው። አሁን ግንዱ አጥሩን ገፍቶ አዘንብሎታል፤ ቅርንጫፉም ግማሹ ወደ ማዶ ተሻግሯል። ዘንድሮ ደግሞ የመጀመሪያው እንቡጥ የፈነዳው በማዶኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ጸደይ ሕግ ቢያውቅ ኖሮ በእኛ በኩል ይገባ ነበር።

ካሜራውን አጥሩ ላይ አስደግፌ ሳነጣጥር፣ ሴትየዋ ከአበባው ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቁ ነበር።

«ጎረቤት፣ ይቅርታ፣ ከፎቶዬ ውስጥ ይወጡልኛል?» አልኳቸው።

«እኔ ቤቴ ነው ያለሁት። ይልቅ እርስዎ ካሜራዎን ከቤቴ ያውጡልኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ዛፉ እኮ የእኔ ነው።»

«ግንዱ የእርስዎ ነው። አበባው የፈነዳው እኔ ጋ ነው። ዛፍም ፊት ያያል።»

ካሜራውን አስተካክዬ አነሳሁ። ያየሽው የመጀመሪያው ፎቶ እሱ ነው። አበባው የደበዘዘው በነፋስ ነው። ነፋስ ከነበረ የሴትየዋ ፀጉር ለምን ንቅንቅ አላለም ትይ ይሆናል። አትበይ።

የጎዳናውን ዛፎች ፎቶም አንስቼ ልናገር፤ አውቶቡስ ግማሹን የሸፈነውን። ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ለማንሳት የጠዋቱ ብርሃን የሚመቸው ከፌርማታው ላይ ነው፤ ይህን በየማለዳው እየሄድኩ አረጋግጫለሁ። አንድ ቀን አውቶቡሳቸው ፊቴ መጥቶ ቆመ፤ በሩም ተከፈተ።

«ይገባሉ?»

«አልገባም፤ ፎቶ እያነሳሁ ነው።»

«ትናንትም አልገቡም፤ ከትናንት በስቲያም አልገቡም። ሰው ፌርማታ ላይ የሚቆመው እኮ ሊሄድ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ከመስኮቱ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ግባና ይለይልህ» አሉኝ። በሃምሳ ምናምን ዓመቴ «ልጄ» ተባልኩ። ይህ ሁሉ ላንቺ ሲባል ነው።

የኮረብታውም ፎቶ አለ። ሜዳው በቢጫ አበባ ተሸፍኗል፤ ከሩቅ፣ ከአንዲት ዛፍ ሥር፣ ሰማያዊ ነጥብ ቆማለች። አጉልተሽ እንዳየሻት አውቃለሁ። አዎ፣ እሳቸው ናቸው። መደገፊያው ከባድ ነው፤ ወገቤን ታውቂዋለሽ፤ «ዛሬ ሥራ የለኝም፣ ልሸከምልዎ» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ከዛፉ ሥር ያቆምኳቸው ደግሞ በሙያ ምክንያት ነው። የዛፍ ቁመት ከፎቶ ላይ የሚታወቀው አጠገቡ ቁመቱ የታወቀ ነገር ሲቆም ነው። እኛ ቀያሾች ቁጥር ያለበት ዘንግ እናቆማለን፤ ዘንጌን መሥሪያ ቤት ትቼው ስለነበር እሷን አቆምኳት። አንድ ሜትር ከስድሳ አራት ናት። ጠይቄያት አይደለም፤ ዓይኔ ይለካል።

(እሷ አልኩ መሰለኝ። እሳቸው ለማለት ነው።)

እዚያው ሣር ውስጥ የበቀለች ሐምራዊ አበባ ከሥር ላነሳ በሆዴ ተኛሁ። መተኛቱ ቀላል ነበር፤ ልነሳ ስል ወገቤ እምቢ አለ። መመሪያው ስለ መነሳት ምንም አይልም። እሷ መደገፊያውን ትከሻዋ ላይ አጋድማ መጣችና አናቴ ላይ ቆመች።

«ኢንጂነር፣ ተሳፋሪ ነዎት ወይስ ጭነት?»

«አበባ እያነሳሁ ነው።»

«አበባዋስ ተነሳች። አሁን የቀረው እርስዎን ማንሳት ነው።»

ብብቴ ሥር ገብታ አነሳችኝ፤ እየሳቀችም የጉልበቴን ጭቃ አራገፈችልኝ። እኔ አልሳቅኩም። መንገድ ላይ ግን ሳቅኩ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ስቄ ስለማላውቅ መንጋጋዬን ሲያመኝ አመሸ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ጉዳይ ልግባ። አጥሩ ሊወድቅ ነው፤ እንደገና መሠራት አለበት። ድንበሩን ራሴ ለክቼ ችካል ተክያለሁ። አናጺው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «በር ይኑረው?»

ጎረቤታችንም አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ድንበር ሳሰምር ኖሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። አጥር የሚሠራው ለመለየት ነው፤ በር ካወጡለት አጥሩ ምን ያደርጋል? ይህንኑ ለአናጺው ላስረዳ ስል አቋረጠችኝ።

«እኔ በር ሳልከፍት ሰው አሳፍሬ አላውቅም» አለች። ከዚያ ኮኩን ቀና ብላ አየችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን የእናቷ ዛፍ ነው። መጀመሪያ ልጅህን ጠይቅ።»

አናጺው ይህን ሲሰማ ሜትሩን ጠቅልሎ «እንግዲያው በር አለው ብዬ ልያዘው» አለ።

«ምንም አትያዝ» አልኩት።

ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው። የምጠይቅሽ ስለ በር ነው፤ ስለ ሌላ ነገር አይደለም። ስፋቱ ዘጠና ሳንቲሜትር ይሆናል። የሚወጣው ከኮኩ በስተግራ ስለሆነ ከእናትሽ ዛፍ አንዲት ቅርንጫፍ አይቆረጥም። ይህን ለክቻለሁ፤ ደግሜም ለክቻለሁ፤ ትናንት ደግሞ ማንም ሳያየኝ እንደገና ለካሁ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ ታገኛለሽ። ሴትየዋ የለችበትም፤ ያነሳችው እሷ ናት። ኮኩ ሥር ቆሜ እንዴት እንደሚነጣጠር ሳስረዳት ነው። አበባው እንዳለ ደብዝዟል፤ የእኔ ግን የፂሜ ሽበት ሳይቀር ይቆጠራል። ጀማሪ ናት፤ ስለ እሷ ዓይን አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።

አናጺው የሚመለሰው መጋቢት 29 ነው። ስለዚህ መልስሽ በጽሑፍ፣ ከነፊርማሽ፣ እስከ መጋቢት 28 እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። የጻፍሽውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝም እቀበላለሁ፤ ጥርት ያለ እስከሆነ ድረስ። «ይሁን» ወይም «አይሁን» ይበቃል። የሚስቅ ፊት እንደ መልስ አይቆጠርም። ሳትመልሺ ቀኑ ካለፈ አጥሩ ድፍን ሆኖ ይሠራል፤ እኔም ቀሪ ዘመኔን ጸደይ በገባ ቁጥር በሳንቃ ስንጥቅ አሾልቄ እያየሁ ደብዛዛ ፎቶ ስልክልሽ እኖራለሁ። ጥፋቱም ያንቺ ይሆናል።

እጅሽ የነካው ዓይን ሁሉ ይብራ። አንቺም የምታንኳኪው በር ሁሉ ይከፈትልሽ።

ዓይኑ ደህና የሆነው፣
አባትሽ