የቡችላው ጥፋት

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ በእግዜር ቸርነት አለን፤ አምጥተሽ የጣልሽብን ቡችላ ግን አንጀቴን አሳርሮታል።

ከበላ በኋላ አውጪው ብለሽኝ አወጣዋለሁ። ጓሮ ቆሜ ስጠብቀው ቅጠል ያሳድዳል፤ ገና ቤት ስንገባ ምንጣፉ ላይ ይለቀዋል። በስተርጅና ጨርቅ ይዤ መንበርከክ ሆነ ሥራዬ። ደግነቱ ሰሞኑን ገባው መሰለኝ፣ ሲመጣበት በሩን ይቧጭራል።

ትናንት ግን የአባትሽ ወንበር ርሶ አገኘሁት። ቡችላው ጠዋቱን ሙሉ ጓሮ ታስሮ ነበር፤ እንዴት እንደገባ እንጃ። አባትሽ "ይሄ ውሻ አይሠለጥንም" ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ወጥቼ፣ አባትሽ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ቡችላውን ተቆጣሁት። ምስኪን፣ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠኝ። ከዚያ ወንበሩንም የአባትሽንም ልብስ ሳጥብ ዋልኩ፤ ወገቤ ተቆረጠ።

በስልክ "ካስቸገራችሁ መጥቼ እወስደዋለሁ" ያልሽው ነገር ይቅር። መምጣቱን ነይ፤ ስለ ወንበሩ ግን ለአባትሽ እንዳታነሺበት። ቡችላውም ማስቸገሩን ያስቸግራል፣ ቢሆንም እዚሁ ይሁን። እሱ ከሄደ ማንን ልቆጣ ነው?

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ